የውሻው ባለቤት ምን አደረገ?

የእብድ ውሻ በሽታ ታሪክና የውሻ ባለቤቶች ድርሻ
(በካኩማ ከቀረበ የሬዲዮ የጤና ትምህርት የተወሰደ)

በዛሬው ዝግጅታችን ስለ ውሻ እንነጋገራለን። ስለ ሰው ጤና ስናወራ ውሻን ምን አመጣው የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አብራችሁን ቆዩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረፋው አልቆ ክሊኒኩን ልንዘጋ ስንል አንድ ጠና ያሉ አባት በር ላይ ቆመው አየሁ። ካርድ አልያዙም። ምን እንደሚያማቸው ብጠይቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ የታመመው እኔ አይደለሁም፤ ውሻዬ ነው። ሰው በሚታከምበት ቤት ስለ ውሻ ይጠየቃል ወይ ብዬ አፍሬ ነው የቆምኩት» አሉኝ። ውሻቸው ከትናንት ጀምሮ ምግብ ትቷል። ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ድምፁም ተለውጧል። በዚያን ዕለት ጠዋት ደግሞ የጎረቤታቸውን ልጅ እግሩ ላይ ነክሶታል።

«ብናገር ውሻዬን ይገድሉብኛል፤ ከጎረቤቴም እጣላለሁ። ባልናገር ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም። ምን ትመክሪኛለሽ?»

ለእኚህ አባት የመለስኩላቸውን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን ጥያቄያቸው አዲስ አለመሆኑን ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ታሪክ የሐኪሞች ታሪክ ብቻ አይደለም። የተናገሩና የደበቁ የውሻ ባለቤቶችም ታሪክ ነው።

ከ4000 ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ ሕግ

ዛሬ ኢራቅ በምትባለው አገር በጥንት ዘመን ኤሽኑና የምትባል ከተማ ነበረች። ወደ 4000 ዓመት ገደማ በሚሆነው የሕጓ ጽሑፍ ውስጥ ስለ እብድ ውሻ የሚናገር አንቀጽ ይገኛል። አንድ ሰው ውሻው ማበዱን ሹማምንት ነግረውት ሳለ ካላሰረው፣ ውሻውም ሰው ነክሶ ከገደለ፣ ባለቤቱ 40 ሰቅል ብር ይክፈል ይላል።

እንግዲህ ልብ በሉ! ሕጉ ባለቤቱን የሚቀጣው ውሻ በማሳደጉ አይደለም፤ እያወቀ ዝም በማለቱ ነው። በዚያን ዘመን ስለ ቫይረስ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሆኖም በሽታው በንክሻ እንደሚተላለፍና የመጀመሪያው ጠባቂ ባለቤቱ እንደሆነ ሰዎች ተረድተው ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ብዙ መቶ ዓመታት መድኃኒት አልተገኘም። በብዙ አገሮች ቁስሉን በጋለ ብረት ይተኩሱ ነበር። ሌላው ደግሞ ሥር ይምሳል፣ ቅጠል ይቀጠቅጣል። በአገራችንም የባህል አዋቂዎች የየራሳቸው መድኃኒት ነበራቸው። በ1895 ዓ.ም. ክረምት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1903፣ በአዲስ አበባ የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ እንደነበረ በታሪክ ተመዝግቧል። አሁን በምንኖርባት በኬንያ ደግሞ በሽታው በውሻ ላይ መኖሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1912 በናይሮቢ አካባቢ ነው።

ከአንድ መንደር የመጡ ሦስት ሰዎች

ከአዲስ አበባ የመጣችሁ ወገኖች «ፓስተር» ሲባል ጉለሌ ያለው ግቢ ትዝ ይላችኋል። ውሻ የነከሰው ሰው «ፓስተር ውሰዱት» ይባል ነበር። ስሙ ግን የሰው ስም ነው። ሉዊ ፓስተር የፈረንሳይ አገር የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 ፓሪስ ወደሚገኘው የፓስተር ቤተ ሙከራ አልሳስ ከሚባለው ክፍለ አገር ሦስት ሰዎች መጡ። አንደኛው ጆሴፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ ነው። ከሁለት ቀን በፊት ውሻ እጁንና እግሩን ብዙ ቦታ ላይ ነክሶት ነበር። ሁለተኛዋ እናቱ ናት። ሦስተኛው ሰው ቴዎዶር ቮን የሚባል የመንደር ባለ ሱቅ ነው። ስለ ፓስተር ሲወራ የዚህ ሰው ስም ብዙ ጊዜ አይነሳም። ልጁን የነከሰው ውሻ ግን የእሱ ነበር።

ውሻው እሱንም ክንዱ ላይ ነክሶታል። ቮን ውሻውን ገደለው። የውሻው ሆድ ተከፍቶ ሲታይ ጭድ፣ ሣርና የእንጨት ስብርባሪ ተገኘበት። ይህ ውሻው ማበዱን ያመለከተ ነበር፤ ምክንያቱም ያበደ ውሻ ምግቡን ትቶ የማይበላውን ነገር ይነክሳል፣ ይውጣል። ቮን «ውሻው የእኔ አይደለም» አላለም። ልጁና እናቱ በሄዱበት ፓሪስ ድረስ አብሮ ሄደ። ፓስተርም ክንዱን አየለት። ጥርሱ ሸሚዙን እንኳ አልበሳውምና የሚያሰጋህ ነገር የለም ተብሎ በዚያው ቀን ተሰናበተ።

የልጁ ነገር ግን ከባድ ነበር። ፓስተር የበሽታውን መርዝ በጥንቸል ላይ አሳልፎ፣ የጥንቸሏን አከርካሪ ውስጥ ያለውን ነርቭ በማድረቅ ያዳከመው ክትባት ነበረው። በውሾች ላይ ሞክሮታል። ማይስተርን ለመሰለ በብዙ ቦታ ለተነከሰ ሰው ግን እስከዚያን ቀን አልደፈረም። ሐኪም ስላልነበረም መርፌውን የወጋው ዶክተር ግራንሼ ነው። በ10 ቀን ውስጥ 13 መርፌ ተሰጠው። ልጁም ሳይታመም ቀረ። ካደገ በኋላ በፓሪሱ የፓስተር ተቋም በር ጠባቂ ሆኖ ሠርቷል።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ስናወራ ሁሌ ፓስተርን እናመሰግናለን፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ውሻው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደነከሰና እንዳበደ የታወቀው ባለቤቱ ስላልደበቀ ነው። ልጁም በሁለተኛው ቀን ሐኪም ፊት ደርሷል።

ጊዜ ያለፈባት ልጅ

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ወደ ፓስተር ሌላ ልጅ መጣች። ሉዊዝ ፔሌቲዬ ትባላለች፤ የ10 ዓመት ልጅ ናት። ራስዋ ላይ ነበር የተነከሰችው። ስትመጣ ግን ከተነከሰች 37 ቀን አልፏት ነበር። ፓስተር መዘግየቱን አውቋል፤ ቢሆንም ወላጆቿን መመለስ አልቻለም። ክትባቱ ተሰጣት። በታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ አረፈች።

ለምን እንዲህ ሆነ? የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በደም አይሮጥም። ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ሳምንታትና ወራት ይፈጃል። ክትባቱ የሚሠራው አንጎል ከመድረሱ በፊት ከቀደመው ነው። ንክሻው ለራስ ሲቀርብ መንገዱ ያጥራል። የሕፃናት ቁመት አጭር ስለሆነ ውሻ ፊታቸውንና ራሳቸውን ለመንከስ ይቀለዋል። ሰውየው ውሃ መፍራት፣ መወራጨትና መዋጥ አለመቻል ከጀመረ በኋላ ግን እስከ ዛሬ ድረስ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል።

ይህን ስነግራችሁ ከመጽሐፍ ያነበብኩትን ብቻ አይደለም። በልጅነቴ በብሎካችን አብሮን ኳስ የሚጫወት ልጅ ነበር። የጎረቤት ውሻ እጁ ላይ ትንሽ ነከሰው፤ ቁስሉ በሳምንት ደረቀ። ውሻው በሦስተኛው ቀን መሞቱን ባለቤቱ ያውቅ ነበር። ለማንም ሳይናገር ማታ ላጋ ወስዶ ቀበረው። ከሁለት ወር በኋላ ልጁ ውሃ በኩባያ ሲሰጡት መጮህ ጀመረ። በአራተኛው ቀን አጣነው። ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም። «ይጣሉኛል ብዬ ፈራሁ» ብሎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። እኔ ነርስነት የተማርኩት በዚያ ልጅ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። የውሻውን በሽታ የደበቀም እንዲሁ ነው።

«በሆድ ላይ የሚወጋው መርፌ» ታሪክ

ብዙዎቻችሁ ክትባቱን የምትፈሩት በሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋ መርፌ መስሏችሁ ነው። ይህ ከምንም የተነሣ ወሬ አይደለም። ከፓስተር በኋላ በብዙ አገሮች ከበግ ወይም ከሌላ እንስሳ አንጎል የሚሠራ ክትባት በሥራ ላይ ዋለ። በአገራችንም ለረጅም ዓመታት የተሰጠው ፌርሚ የሚባለው ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ክትባት ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ በሆድ ዙሪያ ይወጋ ነበር። ያማል፤ ጥቂት ሰዎች ላይም በነርቭ ላይ ጉዳት ያመጣ ነበር። ብዙ ሰው መርፌውን ፈርቶ ሳይጨርስ ያቋርጥ ነበር።

ዘመናዊው ክትባት ግን በቤተ ሙከራ በሚራባ ሕዋስ ላይ የሚዘጋጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 እና 1976 በኢራን ባበዱ ውሾችና ተኩላዎች የተነከሱ 45 ሰዎች ይህን ዓይነት ክትባት ከሴረም ጋር ተሰጥቷቸው አንድም ሰው በበሽታው አልሞተም። ዛሬ ክትባቱ የሚወጋው ክንድ ላይ ነው፤ ለትናንሽ ሕፃናት ጭን ላይ ይሰጣል። ቁጥሩም እንደ አሰጣጡ ቢለያይም ጥቂት ቀጠሮዎች ብቻ ናቸው። ቁስሉ ከባድ ከሆነ በቁስሉ ዙሪያ ተጨማሪ ሴረም ይሰጣል። ስለዚህ የድሮውን መርፌ ፈርታችሁ የዛሬውን አትሽሹ። ቀጠሮም አታቋርጡ።

መግደል ወይስ መከተብ?

«ታዲያ ውሾቹን ሁሉ ብንገድል አይሻልም?» ብለው የሚጠይቁ አሉ። ይህም በታሪክ ተሞክሯል። በኢንዶኔዥያዋ የባሊ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2008 በሽታው ሲገባ ብዙ ውሾች ተገደሉ። በሽታው ግን አልቆመም፤ እንዲያውም ተስፋፋ። ውሻ በጅምላ ሲገደል ባለቤቶች ውሻቸውን ይደብቃሉ፣ ወደ ሌላ መንደር ያሸሻሉ። በሞተው ምትክም ያልተከተበ ቡችላ ያመጣሉ። በሽታው መቀነስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 በመላው ደሴት የውሾች ክትባት ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ ነው።

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣችው ሕግ የውሻ ባለቤቶች ውሻቸውን እንዲያስመዘግቡና እንዲያስከትቡ አደረገች። ከ7 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ በሽታው ከአገሪቱ እንስሳት ጠፋ።

ጃፓን ሀብታም አገር ናት ትሉኝ ይሆናል። እንግዲህ ወደ ጎረቤት ታንዛኒያ እንምጣ። በፔምባ ደሴት በውሾች ክትባት ምክንያት በሽታው እ.ኤ.አ. በ2014 ቆሞ ነበር። ክትባቱ ሲላላ ግን በ2016 ተመልሶ መጣ። እንደገና በደንብ ሲከተብ በ2018 ዳግመኛ ቆመ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በእኛም አካባቢ ይቻላል። ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ ከትቦ መተኛት አይቻልም። ባለሙያዎች እንደሚሉት ከ100 ውሾች 70ው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ሰውን የሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ ከ100 እጅ 99ኙ ከውሻ የሚመጣ በመሆኑ፣ ውሻን መከተብ ማለት ልጅን መጠበቅ ማለት ነው። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ዕቅድ በሽታው በ2030 ሰው መግደሉን እንዲያቆም ግብ አስቀምጣለች።

ከቱርካና የተገኘ ትምህርት

የምንኖርባት ቱርካና በሌላ የውሻ በሽታም በዓለም የታወቀች ናት። ይህ በሽታ ሃይዳቲድ ይባላል። በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ለዓመታት ቀስ እያለ የሚያድግ ነው። የሚመጣው በውሻ አንጀት ውስጥ ከሚኖር ትንሽ ትል ነው። ውሻው ትሉን የሚያገኘው የታመመ በግ ወይም ፍየል ሳንባና ጉበት ጥሬውን ሲበላ ነው። የትሉ እንቁላል በውሻው ዓይነ ምድር ወጥቶ በእጅ፣ በውሃና በምግብ ወደ ሰው ይገባል።

አምሬፍ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ቱርካና የመከላከል ሥራ ጀመረ። ሰዎች በአልትራሳውንድ ተመረመሩ፣ የታመሙትም ታከሙ። ባለቤት የሌላቸው ውሾች እንዲቀንሱ ተደረገ። ባለቤት ያላቸው ውሾች ግን ተመዝግበው በየጊዜው የትል መድኃኒት ይሰጣቸው ነበር። አርብቶ አደሩ ያለ ውሻ መኖር አይችልምና ውሻህን ጣል አልተባለም። ቤቱ ድረስ ሄደው አስተማሩት፤ በሽታውም ቀነሰ።

እኛም ለበዓል በግ ወይም ፍየል ስናርድ ይህን እናስታውስ። ሳንባውንና ጉበቱን ጥሬውን ለውሻ አንወርውር፤ በተለይ ውሃ የቋጠረ ነገር ካየንበት አርቀን ቆፍረን እንቅበረው። ልጆች ውሻ ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

የውሻ ባለቤቶች የሚጠይቁን ጥያቄዎች

«ውሻዬ ሰው ነከሰ፤ ወዲያው ልግደለው?» ውሻው ጤነኛ ከመሰለና ማሰር ከተቻለ አትግደሉት። ሰው በማይደርስበት ቦታ አስራችሁ 10 ቀን ተከታተሉት። 10ሩን ቀን በጤና ከጨረሰ በነከሰበት ዕለት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ግን 10 ቀን አይጠብቅም! በዚያው ዕለት ወደ ክሊኒክ ይምጣ። ክትባቱን ማቆም ካስፈለገ የጤና ባለሙያው ይነግረዋል።

«ማበዱን በምን አውቃለሁ?» ጠባዩ ይለወጣል። ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ድምፁ ይጎረንናል፣ ያገኘውን እንጨትና ድንጋይ ይነክሳል፣ ጌታውንም አይለይም። ዝም ብሎ ጥግ የሚይዝም አለ። መንጋጋው ሲወድቅ አጥንት የተሰነቀረበት መስሏቸው እጃቸውን አፉ ውስጥ የሚከቱ ሰዎች አሉ። ይህን ፈጽሞ አታድርጉ።

«ቡችላ ነው፤ ምን ያመጣል?» ቡችላም በሽታውን ያስተላልፋል። ቁስል ላይ መላስም እንደ ንክሻ ይቆጠራል።

«ውሻው ሞተ፤ ምን ላድርግ?» በባዶ እጅ አትንኩት፣ በድብቅም አትቅበሩት። መጀመሪያ ለጤና ሠራተኛ ወይም ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ።

«የተነከሰውን ሰው ምን ልርዳው?» ቁስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት። ውሃ ከሩቅ ተቀድቶ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ለዚህ ግን አትሰስቱ። በርበሬ፣ አመድ፣ ቅቤ ወይም ቅጠል አታድርጉበት። ጸበል የሚወስዱ ወገኖች ይውሰዱ፤ ክትባቱን ግን አያስቀሩ፣ አያዘግዩም።

«ውሻዬን መቼ ላስከትብ?» ቡችላው 3 ወር ሲሞላው፣ ከዚያም በየጊዜው እንደ ባለሙያው ትእዛዝ ነው። የክትባት ዘመቻ ሲነገር ውሻችሁን በገመድ ይዛችሁ ውጡ። ትልቁን ውሻ ለትንሽ ልጅ አስይዛችሁ አትላኩ።

የእኚያ አባት ነገር

በመጀመሪያ ለነገርኳችሁ አባት ከመለስኩላቸው ነገር ዋናው፣ «አባባ፣ ስለ መጡ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን አብረን ወደ ልጁ ቤት እንሂድ» የሚል ነበር። መንገድ ላይ የቴዎዶር ቮንን ታሪክ አጫወትኳቸው። የልጁ እናት መጀመሪያ ተቆጡ። ሽማግሌው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጅሽ ልጄ ነው፤ ለዚህ ነው የመጣሁት» ሲሏቸው ግን ዝም አሉ። ቁስሉን በሳሙና አጠብን። ልጁም በዚያው ቀን ሕክምናውን ጀመረ።

ውሻው ታስሮ እንዳለ በሁለተኛው ቀን ሞተ። አባባ አዝነዋል፤ ስድስት ዓመት ቤታቸውን የጠበቀ ውሻ ነው። ልጁ ግን ቀጠሮውን ሳያቋርጥ ጨረሰ፤ ዛሬ ትምህርቱን ይማራል። ጎረቤታሞቹም አልተጣሉም። በቅርቡ አባባ አዲስ ቡችላ ይዘው በክሊኒካችን በር ሲያልፉ፣ «ሲስተር፣ ሦስት ወር የሚሞላው መቼ እንደሆነ ቆጥሬያለሁ» አሉኝ።

ውድ አድማጮች፣ ውድ አንባቢያን፣ ስለ ውሻችሁ መጠየቅ አያሳፍርም። እኛም ስትመጡ አንቆጣም። ውሻችሁ ሲታመም ወይም ሰው ሲነክስ ሳትውሉ ሳታድሩ ንገሩን። በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስክንገናኝ ይህን ጽሑፍ ላላነበበ ጎረቤታችሁ አንብቡለት።